«ቤ» ወደ «ቢ» ሲለወጥ፦ የደበዘዘና ያልገጠመ የስክሪን ፕሪንት ህትመት እንዴት ይታከማል?

ቲሸርት ላይ «ቤተሰብ» የሚል ቃል አትማችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ በቤ እግር ላይ ያለችውን ቀለበት ታውቋታላችሁ። ፊደሉ ሁለት ሴንቲሜትር ቢረዝም እንኳ የቀለበቷ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቀለም ትንሽ ሲፈስ ትደፈናለች፤ ስትደፈን «ቤተሰብ» የነበረው «ቢተሰብ» ይሆናል። ደንበኛው ስለ ኢመልሽንም ስለ መረብም ላያውቅ ይችላል፤ ማንበብ ግን ያውቃል።

ባለ ብዙ ቀለም ሥራ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን ሲታተሙ በመካከላቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ይታያል፤ ወይም ቀዩ ቢጫው ላይ ይወጣና ማንም ያላዘዘው ብርቱካናማ ጠርዝ ይወለዳል።

መደብዘዝና አለመግጠም ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ግን ብዙዎቻችን አንድ መድኃኒት እንሰጣቸዋለን፤ የማሽኑን ብሎን ማዞር። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ያለ ምክንያት የዞረ ብሎን የነበረውን ችግር ሳያስወግድ ሌላ ይጨምርበታል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ጥፋት የነባሩ፣ የትኛው የእናንተ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ለጊዜው ካቻቢቴውንም ቁልፉንም ከእጃችሁ አስቀምጡ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በእጅ በሚሽከረከር፣ አራት ወይም ስድስት ቀለም በሚይዝ ማሽን ጨርቅ ላይ ለምታትሙ ነው። በጠረጴዛና በሁለት ማጠፊያ የምትሠሩም ከአብዛኛው ትጠቀማላችሁ።

መጀመሪያ በሽታውን ለዩ

ሦስት ሙከራዎች አሉ። ሦስቱም ተደምረው ግማሽ ሰዓት አይፈጁም።

አንደኛ፣ ስክሪኑን ከማሽኑ አውርዱና ወደ መስኮት አንሱት። በማጉያ መስታወት የፊደሎቹን ጠርዝ እዩ። እዚያው ስክሪኑ ላይ ጠርዙ የተበላ ወይም ቀለበቷ የጠበበች ከሆነ፣ ጥፋቱ የተሠራው ማሽኑ ጋ ሳትደርሱ ነው፤ ብርሃን ስትሰጡት ነው። ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለው ፊደል ጨርቅ ላይ ሲደርስ ከደበዘዘ ደግሞ ችግሩ ያለው ማሽኑ፣ ቀለሙ ወይም እጃችሁ ጋ ነው።

ሁለተኛ፣ አሮጌ ቲሸርት ፓሌቱ ላይ በደንብ ለጥፉና አንድ ቀለም ብቻ አትሙ። ስክሪኑን አንሱ። ቲሸርቱን ሳትነኩ ያንኑ ስክሪን መልሳችሁ አውርዱና ድገሙት። ሁለተኛው ህትመት በመጀመሪያው ላይ ልክ ከተቀመጠ ማሽኑ ወደ ቦታው ይመለሳል ማለት ነው። ጎኑ ላይ ጥላ ከጣለ የሚወዛወዝ ነገር አለ። አሁን ደግሞ ክንዱን ሙሉ ዙር አሽከርክሩትና በዚያው ቲሸርት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አትሙ። ሳይዞር ገጥሞ ዞሮ ሲመለስ ከሳተ፣ ጥፋቱ ማቆሚያው ወይም ኩሽኔታው ላይ ነው። ይህ ሙከራ ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን አዲስ ማሽን የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት ቆሞ ይህን ሳያደርግ ብር እንዳይከፍል እመክራለሁ።

ሦስተኛ፣ ሙሉውን ሥራ በአምስት ቲሸርት ላይ አከታትላችሁ አትሙና ጎን ለጎን ዘርጓቸው። ቀለሙ በአምስቱም ላይ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ልክ ከሳተ አሰላለፉ ወይም ፊልሙ ነው። አንዱ ላይ ወደ ግራ፣ ሌላው ላይ ወደ ቀኝ ከዘለለ የላላ ነገር አለ፤ ወይ ብሎን፣ ወይ መረብ፣ ወይ ሙጫ። ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ቀስ እያለ በአንድ አቅጣጫ ካደገ ደግሞ ሙቀት ነው። ብሎን በማዞር የሚድነው የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

ጥፋቱ ስክሪኑ ላይ ከሆነ

ኢመልሽን ብርሃን ሲያገኘው ይጠነክራል፤ በፊልሙ ጥቁር የተሸፈነው ቦታ ለስላሳ ሆኖ ይቀርና በውሃ ይታጠባል። በፊልሙና በኢመልሽኑ መካከል ክፍተት ካለ ብርሃን በጥቁሩ ጠርዝ ሥር ሾልኮ ይገባል። መታጠብ የነበረበት ጠርዝ ይጠነክርና መስመሩ ይቀጥናል፤ የቤ ቀለበትም ቅርጿን ታጣለች።

የፊልሙ ቀለም ያለበት ገጽ ኢመልሽኑን መንካት አለበት። የትኛው ገጽ እንደሆነ ካልለያችሁ የፊልሙን ዳር በመርፌ ጫር አድርጉት፤ የሚፋቀው ያ ነው። ፊልሙን በስክሪኑ የውጭ ገጽ፣ ማለትም ጨርቁን በሚነካው በኩል ስታስቀምጡት ፊደሉ ተገልብጦ ከታያችሁ ልክ ናችሁ። በላዩ ከባድ መስታወት፣ በፍሬሙ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ስፖንጅ አድርጉ፤ ስፖንጁ መረቡን ወደ መስታወቱ ይገፋዋል፣ ጥቁሩ ጨርቅ በመረቡ ያለፈውን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። ከሥር ነጭ ነገር ካለ ብርሃኑ ነጥሮ ይመለስና ከጀርባ ያጠነክረዋል።

በፀሐይ የምትሠሩ ከሆነ፣ ብዙዎቻችን የጀመርነው እንዲያ ነውና፣ ፀሐይዋ መስታወቱን ቀጥ ብላ ትምታው። መስታወቱ ላይ እርሳስ አቁሙ፤ ጥላው ወደ አንድ ጎን ከተዘረጋ ፍሬሙን ጥላው እስኪጠፋ ድረስ አጋድሉት። በጎን የሚመጣ ፀሐይ አንዱን የፊደል ጠርዝ ጥርት አድርጎ ሌላውን ይበላዋል። ጊዜውን ደግሞ ከሰው አትጠይቁ፤ የእናንተ ኢመልሽን፣ የቀባችሁት ውፍረትና የሰዓቱ ፀሐይ ከማንም ጋር አይመሳሰሉም። አንድ ስክሪን መሥዋዕት አድርጉ፦ ፊልሙን በካርቶን ሸፍኑና በየተወሰነ ሰከንድ ካርቶኑን አንድ ጣት ያህል እየሳባችሁ ግለጡ። ስታጥቡት ቀጭኑ መስመር ሳይደፈን፣ ኢመልሽኑም ሳይሟሽሽ የቀረበት ክፍል ልካችሁን ይነግራችኋል። ክረምት ላይ ኢመልሽኑ ለብርሃን ከመጋለጡ በፊት በደንብ መድረቁን አረጋግጡ፤ እርጥበት የያዘ ኢመልሽን በቂ ብርሃን አግኝቶም ይሟሽሻል።

ኢመልሽናቸውን በብርቱካናማው የዳይክሮሜት ዱቄት የሚያዘጋጁ ሰዎች ዛሬም አሉ። ዱቄቱ መርዛማ ነው፤ ለካንሰርም ያጋልጣል። ያለ ጓንት አትንኩት፣ አቧራውንም አትሳቡ። ከቻላችሁ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ግዙ።

የመረቡ ጥራት ሌላው ነገር ነው። በሴንቲሜትር 43 ክር ያለው መረብ ብዙ ቀለም ስለሚያሳልፍ ለትልልቅ ምስልና በጥቁር ቲሸርት ላይ ለሚወጣ ነጭ ይስማማል። በእሱ ላይ የስልክ ቁጥር ወይም ደቃቅ ጽሑፍ ካወጣችሁ ግን ጠርዙ እንደ ደረጃ ይሰነጣጠቃል፣ ቀለበቶቹም ይሞላሉ። ለደቃቅ ፊደል ወደ 77 ክር ውጡ፤ በነጠብጣብ ለሚሠራ ፎቶግራፍ ወደ 120። በአንድ መረብ ሁሉን ሥራ መሥራት የሚቻለው ደንበኛው ካልተከፋ ብቻ ነው።

ስክሪኑ ንጹህ ሆኖ ጨርቁ ላይ ከደበዘዘ

እዚህ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው መረቡን ነው። የላላ መረብ ስኩዊጂው ሲሄድበት እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል፤ ምስሉም አብሮ ይጎተታል። መወጠሪያ መለኪያ ካላችሁ በሴንቲሜትር ከ20 እስከ 25 ኒውተን ቢነበብ ጥሩ ነው፤ ከ15 በታች የወረደውን በምንም ዘዴ አታድኑትም፣ መረቡን ቀይሩ። መለኪያ ከሌላችሁ መሐሉን በጣት መታ አድርጉት፤ እንደ ከበሮ መጮህ አለበት። የእንጨት ፍሬም ላይ ይህን ደጋግማችሁ ፈትሹ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ፍሬሙን መስታወት ላይ አስተኝታችሁ አራቱን ማዕዘን በተራ ተጫኑ፤ እንደ ጎደለ ወንበር ከተንቀጫቀጨ ለባለ ብዙ ቀለም ሥራ አይሆንም። ለአንድ ቀለም ሥራ አቆዩት፣ ወይም አሰናብቱት።

ቀጥሎ ክፍተቱ። ስክሪኑ ሲወርድ ጨርቁን መንካት የለበትም፤ ለቲሸርት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ስኩዊጂው ሲያልፍ መረቡን ወደ ታች ተጭኖ ጨርቁን ያስነካዋል፣ ካለፈ በኋላ መረቡ ቶሎ ይላቀቃል። ክፍተት ከሌለ መረቡ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ይቆይና ስታነሱት ጨርቁን አብሮ ይስበዋል፤ ያ ነው ድርብ ጠርዝ የሚሠራው። ክፍተቱን በአራቱም ማዕዘን ለኩ። ፊት ለፊት 3፣ ከኋላ 1 ሆኖ ያገኛችሁት እንደሆነ ፓሌቱ አዘንብሏል። ለወፍራም ሹራብ ክፍተቱ ትንሽ ይጨመራል። አንድ የማስጠነቅቃችሁ ነገር፦ የላላ መረብ አልላቀቅ ሲል ብዙ ሰው ክፍተቱን ያሰፋል። አሁን ስኩዊጂው መረቡን ይበልጥ ለመለጠጥ ይገደዳል፣ ምስሉ ራሱ ይሰፋል፣ ትናንት የገጠመው ቀለም ዛሬ አይገጥምም። አንድ ጥፋት ሸፍኖ ሁለተኛውን መውለድ ማለት ይህ ነው።

ስኩዊጂውን አገላብጣችሁ ጠርዙን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ሹል መሆን አለበት። ከተላጠ ወይም ከደነዘ፣ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተለጠፈ ጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ፍጩት። ለአብዛኛው የቲሸርት ሥራ 70 የሚል ጥንካሬ ያለው ይበቃል። ስትገፉ ወይም ስትስቡ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጋችሁ ያዙት፤ በጣም ሲያጋድል ቀለሙን ከመቁረጥ ይልቅ ያሽና በፊደሉ ጠርዝ ሥር ይገፋዋል። አዲስ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚደበዝዝበት ጉልበት ስለሚበዛበት ነው። የሚያስፈልገው ኃይል መረቡን ጠርጎ የሚያልፍ ያህል ብቻ ነው። ስኩዊጂው ካለፈ በኋላ የመረቡ ቀዳዳ ጠርቶ ከታየ በቃ። ሁለት ጊዜ ማለፍ ሊያስፈልግ ይችላል። አራተኛውን የምትፈልጉ ከሆነ ግን መልሱ እጃችሁ ላይ አይደለም፤ መረቡ ደቃቅ ነው ወይም ቀለሙ ወፍራም ነው።

ቀለም ሲወፍር ናፍጣ ወይም ቲነር ጠብ የሚያደርጉበት አሉ። ፕላስቲሶል ቀለም የራሱ ማቅጠኛ አለው፤ ደግሞም ነጩ ቀለም ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው በመወፈሩ ሳይሆን ባለመማሰሉ ነው። ደህና አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ አማስሉት፣ ይለሰልሳል። ባልሆነ ነገር የቀጠነ ቀለም በክሩ ውስጥ እንደ ሻይ ይሰርጋል።

በውሃ የሚሠራ ቀለም ከሆነ ጠላታችሁ ተቃራኒው ነው፤ መድረቅ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ በበጋው ደረቅ አየር፣ ቀለሙ መረቡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃችሁ ይደርቃል። መጀመሪያ ደቃቁ ፊደል ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጠፋል። ካተማችሁ በኋላ ስክሪኑን አንስታችሁ ሳትጫኑ ቀለም አልብሱትና እንዲያ ሆኖ ይጠብቅ። ስልክ ለማንሳት ስትሄዱም አልብሳችሁ ሂዱ። መስኮቱንም ዝጉ።

ሌላው፣ ከአሥር ከአሥራ አምስት ቲሸርት በኋላ ስክሪኑን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። በፊደሉ ዙሪያ ቀለም ከተከመረ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉትና ክፍተቱንና ግፊቱን መልሳችሁ አስቡ፤ ቀለም ያለ ምክንያት ወደ ሥር አይሄድም።

ቀለሞቹ ካልገጠሙ

አንድ የጥምቀት ሰሞን የሰፈር ልጆች ሰማንያ ጥቁር ቲሸርት አዘዙኝ፤ ደረቱ ላይ ነጭ መደብ፣ በላዩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከተራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጠዋት አሰለፍኩት፣ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለቱ እንደ መስታወት ገጠሙ። አሥራ አምስተኛው ላይ ከቀዩ ሥር ነጩ ብቅ አለ። ብሎኑን ትንሽ አዞርኩ፣ ገጠመ። ሃያኛው ላይ እንደገና ብቅ አለ፣ እንደገና አዞርኩ። ምሳ በልቼ ስመለስ ደግሞ ቀዩ በተቃራኒው በኩል ወጥቷል! ማንም ማሽኑን አልነካም። ማሽኑ ተለክፏል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

የተለወጠው የፓሌቱ ሙቀት ብቻ ነበር። ጥጥ ሁልጊዜ የተወሰነ እርጥበት ይይዛል፤ ሲሞቅ እርጥበቱ ይወጣና ጨርቁ ጥቂት ይሰበሰባል። ጠዋት ፓሌቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ነጩን ሳትም ጨርቁ ገና አልተሰበሰበም፣ ፍላሽ ማድረቂያው ሥር ሲገባ ነው የሚሰበሰበው። ስለዚህ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ የሚያርፉት በተሰበሰበ ጨርቅ ላይ ነው፤ እኔም ያሰለፍኩት በዚያ ልክ ነው። ሃያ ቲሸርት ካለፈ በኋላ ፓሌቱ ራሱ ይግላል። አዲሱ ቲሸርት ገና ሲለብስ ይደርቃል፣ ነጩ ከመታተሙ በፊት ተሰብስቦ ያልቃል፣ ልኩም ይለወጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ፓሌቱ ሲበርድ ወደ ጠዋቱ ተመለስን፤ ብሎኖቹ ግን ቀን ላይ ለነበረው ሙቀት የዞሩ ነበሩ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከማሰለፋችሁ በፊት ባዶ ፓሌቶቹን ፍላሹ ሥር እያዞራችሁ እጅ ሲነካቸው ደህና የሚሞቁ፣ 50 ወይም 60 ዲግሪ ገደማ እስኪሆኑ አሙቋቸው። ቀለሞቹን በሞቀ ፓሌት ላይ አሰልፉ። የሚሰበሰብ ጨርቅ ከሆነ ቲሸርቱን ከለጠፋችሁ በኋላ ምንም ሳታትሙ ለጥቂት ሰከንድ ፍላሽ ሥር አስገቡት፤ መሰብሰቡን አስቀድሞ ይጨርስ። ፍላሹንም አታብዙበት። በቀለሞች መካከል የሚፈለገው ጣት ሲነካው ቀለሙ ጣት ላይ እንዳይወጣ ብቻ ነው። ፕላስቲሶል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ያ የመጨረሻው ማድረቂያ ሥራ ነው። መሐል ላይ ካበሰላችሁት ጨርቁ ይበልጥ ይሰበሰባል፣ ከላይ የሚመጣው ቀለምም በደንብ አይይዝም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ እንደ ጠዋት ቆጥራችሁ ፓሌቱን እንደገና አሙቁ።

ሙቀት ካልሆነ ፊልሞቹን ጠርጥሩ። አራቱን ፊልም መብራት ላይ ደራርቧቸውና የማዕዘኑን መስቀሎች አጋጥሙ። የላይኞቹ ገጥመው የታችኞቹ ካልገጠሙ ማሽኑን ተዉት። በሌዘር ፕሪንተር የሚወጣ ፊልም በውስጡ ባለው ሙቀት ምክንያት ሊሰበሰብ ይችላል፤ አንዱን ዛሬ አንዱን ነገ ካተማችሁ ልዩነቱ ይሰፋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አቅጣጫ አትሙ። መስቀሎቹም ከምስሉ በላይም በታችም ይሁኑ፤ አንድ መስቀል ብቻ ቦታን እንጂ መዞርን አይነግርም።

ፊልሙም ደህና ከሆነ አሁን ማሽኑን መንካት ትችላላችሁ። የሚሽከረከረውን ባለ ብዙ ቀለም የጨርቅ ማተሚያ በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ማይክል ቫሲላንቶን ነው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1969 እ.ኤ.አ. አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም ሐሳቡ ያው ነው፤ ክንዱ ሺህ ጊዜ ወርዶ ሺህ ጊዜ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። ስለዚህ ስክሪኑን አውርዳችሁ የፍሬሙን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ከየት እንደሚንቀሳቀስ በሌላኛው እጃችሁ ዳስሱ፦ ፍሬሙ በመቆንጠጫው ውስጥ ነው የሚንሸራተተው? መቆንጠጫው በክንዱ ላይ ነው? ወይስ ክንዱ ራሱ ከሥሩ? የመጀመሪያውን በማጥበቅ፣ ሁለተኛውን ዳዶውን በማሰር ትፈቱታላችሁ። ክንዱ ሲወርድ የሚገባበት ማቆሚያ ጎንና ጎኑ ተበልቶ ከሆነ ወይም ኩሽኔታው ከላላ ግን መቀየር ነው። ናስትሮ ጠቅልሎ ማለፍ ለአንድ ቀን ያገለግላል፤ ለሁለተኛው ቀን ቃል አልገባም።

ቲሸርቱ ራሱ ከፓሌቱ ላይ ከተንሸራተተ ደግሞ ማሽኑ ምንም ያድርግ ምንም አይገጥምም። ሙጫው የክር ብናኝ ከለበሰ አይይዝም። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ብናኙን አንሱ፤ ካልያዘ ፍቃችሁ አዲስ ቀቡ። ቲሸርቱን ስታለብሱ አትለጥጡት፤ የተለጠጠ ጨርቅ ከፓሌቱ ሲወርድ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ክብ የነበረው ምስልም እንቁላል ይሆናል።

አሁን ወደ ማሰለፉ። መጀመሪያ ሁሉንም ማስተካከያ ብሎኖች ወደ መሐል መልሱ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፍ ላይ ደርሶ መዞር አቅቶት ነው የምንታገለው። መሪ የሚሆነውን ቀለም፣ አብዛኛውን ጊዜ መደቡን ወይም ብዙ ዝርዝር ያለውን፣ አትሙና በፍላሽ አድርቁት። የሚቀጥለውን ስክሪን በእሱ ላይ በዓይን አጋጥማችሁ ፍሬሙን እሰሩ፣ ከዚያ ነው ብሎኑ የሚመጣው። መጀመሪያ መዞሩን አስተካክሉ፣ ቀጥሎ ግራና ቀኙን፣ በመጨረሻ ላይና ታቹን። አንድ ጊዜ አንድ ብሎን ብቻ! ስታጠብቁት ብዙ ማሽን ላይ ትንሽ ይሸሻል፤ ስለዚህ አጥብቃችሁ ሳታትሙ «ገጥሟል» አትበሉ። ሁሉንም ቀለም በአንድ አቅጣጫ አትሙ፤ አንዱን እየገፋችሁ ሌላውን እየሳባችሁ ከሆነ መረቦቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይለጠጣሉ፣ የቀለሞቹም ልክ ይለያያል።

ከሁሉም በላይ ግን ብዙው ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ ያልቃል። በእጅ በሚሠራ ማሽን ላይ ሁለት ቀለም ጫፍ ለጫፍ እንዲነካኩ አድርጎ መሳል ራስን መቅጣት ነው። ሰንደቅ ዓላማውን ውሰዱ። ቢጫውን ከላይና ከታች 0.3 ሚሊሜትር ያህል አስፉት፣ ቀድሞም ይታተም፤ አረንጓዴውና ቀዩ በጠርዙ ላይ ይውጡ። አረንጓዴው የቢጫውን ጭረት ይውጠዋል፤ ቀዩም ሸፋኝ ቀለም ከሆነ እንዲሁ፣ ስስ ከሆነ ግን ያ ብርቱካናማ ጠርዝ ይመለሳልና መደራረቡን አታብዙት። ነጭ መደብ ካለ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ነጩን በዚያው መጠን ወደ ውስጥ አጥብቡት፣ ከቀለሙ ሥር ብቅ እንዳይል። ጥቁር መስመር ያለው ሥራ ከሆነ ጥቁሩን መጨረሻ ላይ አትሙና መስመሩ የሌሎቹን መጋጠሚያ እንዲሸፍን አድርጉ። ዲዛይነሩ ሌላ ሰው ከሆነ ይህን ሳያደርግ ፋይሉን አትቀበሉት። ቅር ይለዋል፤ ይበለው።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ የመጀመሪያውን ደህና ቲሸርት ከማሽኑ በላይ ስቀሉና በየአሥሩ አነጻጽሩ። ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት ቲሸርቱን ከለበሰው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያየው አይታይም፤ ለእኛ ብቻ ነው እንደ ጉድጓድ የሚታየን፣ ስለዚህ ለእሱ ማሽን አታቁሙ። የተደፈነች የቤ ቀለበት ግን ከመንገድ ማዶ ትነበባለች፤ ለእሷ አቁሙ።

የተበላሹትንም አትጣሏቸው። ገልብጣችሁ ለማሰለፊያ ተጠቀሙባቸው። ከዚያ የጥምቀት ሥራ የተረፉኝ ዘጠኝ ቲሸርቶች አሁንም ሱቄ ውስጥ አሉ፤ አንደኛው ላይ ህትመት በህትመት ተደራርቦ ከፕላስቲሶል ብዛት እንደ ካርቶን ሊቆም ደርሷል።